ዳገቱስ ይወጣል፤ ድልድዩስ?

ነቀምቴ ውስጥ ስለ ብስክሌት ወሬ በተነሳ ቁጥር የሚሰጥ አንድ የተለመደ መልስ አለ። «የወለጋ ምድር ለብስክሌት አልተፈጠረም» ይባላል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሐይቅ ዳር በሜዳ ላይ የተቆረቆሩ ስለሆኑ ብስክሌት ለእነሱ ይሆናል፤ በእኛ በኩል ግን አንዱ ዳገት አለቀ ሲሉት ሌላው ይጀምራል። ይህ አባባል ለረጅም ጊዜ ለእኛም እውነት መስሎን ኖሯል። ዛሬ ግን አባባሉ በስሌት ያልተፈተነ እምነት መሆኑን፣ ከዚያም አልፎ ጥፋቱን ጥፋት በሌለበት ላይ የሚጥል መሆኑን ልንከራከር ተነስተናል።

ይህን ለማለት ያስደፈረን አንድ ረጅም ቀን ነው። በጥቅምት ወር 2007 ዓ.ም. ክፍለ ጊዜ ባልነበረን አንድ ዓርብ፣ ሦስት የሳይንስ መምህራን ሆነን፣ ማርሽ በሌላቸው ሦስት አሮጌ ብስክሌቶች ከነቀምቴ ተነስተን በጊምቢ መንገድ እስከ ዴዴሳ ድልድይ ወርደን በዚያው ዕለት ተመልሰናል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ፈጅቶብናል። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት በአካባቢው በደረሰው የጸጥታ ችግር የተነሳ ያ መንገድ ለብስክሌት ጉዞ ቀርቶ ለሕዝብ ማመላለሻም ያስቸገረባቸው ጊዜያት ነበሩና ማስታወሻችን ከመሳቢያ ሳይወጣ ቆየ። አሁን ያወጣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ዘልቋል፤ መንገዶች ይሰፋሉ፣ ድልድዮች ይታደሳሉ። ኮንክሪት ከደረቀ በኋላ ከሚሰጥ አስተያየት ሳይደርቅ በፊት የሚሰጥ ይሻላል።

ከነቀምቴ ዳርቻ ሰፈሮች ስንወጣ ገና ጎሕ አልቀደደም ነበር። ባጃጆቹ ከመነሳታቸው በፊት የከተማዋ መንገድ የእግረኛ ነው። እኛ ወደ ውጭ ስንወጣ ተማሪዎች ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ወደ ውስጥ ይገባሉ። ጥቂቶቹ ሰላምታ ሰጡን፤ አንዱ «መምህር፣ ክፍል የለም እንዴ?» ብሎ ሳቀብን። ከየት እንደመጡ ስንጠይቃቸው ከስምንት ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ካሉ መንደሮች የተነሱ ነበሩባቸው። እስቲ ይህን እናስላው። ስምንት ኪሎ ሜትር በእግር፣ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ሂሳብ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። በብስክሌት፣ መንገዱ ጠጠር ቢሆንም እንኳ፣ በ35 ደቂቃ ይደረሳል። ደርሶ መልሱ በቀን ሁለት ሰዓት ያተርፋል፤ በ200 የትምህርት ቀናት 400 ሰዓት ማለት ነው። ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የሚዘጋጅ ልጅ 400 ሰዓት ምን ሊያደርግበት እንደሚችል ለአንባቢያችን መንገር አያስፈልግም። ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሚያወጣው ኢነርጂ እግረኛው ከሚያወጣው ሲሶ ያህል ብቻ መሆኑን ስንጨምርበት ደግሞ ተማሪው ክፍል ሲገባ ደክሞት አያንቀላፋም።

ከዲጋ በኋላ መንገዱ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ማዘቅዘቅ ይጀምራል። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ሸለቆው ከዚያ ከ700 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ለስሌት እንዲያመች 800 ሜትር እንውሰድ። ሰውና ብስክሌት አንድ ላይ 85 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ ከላይ እስከ ታች ሲወርዱ የሚለቁት እምቅ ኢነርጂ 85 በ9.8 በ800 ተባዝቶ ወደ 666 ኪሎ ጁል ይሆናል። ይህ ቁጥር ለብዙ ተማሪ የፈተና ወረቀት ላይ የሚቀር ነውና ወደ ቤታችን እናምጣው። ነቀምቴ ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። 666 ኪሎ ጁል፣ 20 ዲግሪ የነበረን ሁለት ሊትር ውሃ አፍልቶ ጥቂት ይተርፈዋል። ቁልቁለቱን የሚወርድ እያንዳንዱ ብስክሌተኛ የአንድ ትልቅ ጀበና እሳት ይዞ ይወርዳል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ የተወሰነውን ነፋሱ ይወስደዋል፤ የቀረው በሙሉ በፍሬኑ ላስቲክና በጎማው ክብ ብረት መካከል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ከእኛ አንዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሬን ይዞ ከወረደ በኋላ ክቡን በጣቱ ነክቶ «እፍ!» ሲል የሰማነው ለዚህ ነው። (ፊዚክስ የሚያስተምረው እሱ ነበር።)

ፍሬን ካልተያዘስ? አምስት በመቶ በሚያዘቀዝቅ መንገድ ላይ የነፋሱ ግፊትና የስበቱ ጉተታ የሚመጣጠኑት ብስክሌቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነው። በዚያ ፍጥነት የሚሄድ ሰው አደጋ አይቶ እስኪቆም ድረስ፣ በደረቅ መንገድና በደህና ፍሬን፣ ወደ 30 ሜትር ይጓዛል። ዝናብ ከሆነና ክቡ ከብረት የተሠራ ከሆነ ላስቲኩ ስለሚያንሸራትት ርቀቱ ብዙ እጥፍ ይረዝማል።

እዚህ ላይ ነው የጉዟችን ዋና ትምህርት የተገለጠልን። ድልድይ የሚሠራው ወንዝ ላይ ነው፤ ወንዝ ደግሞ የሚፈሰው በሸለቆው ዝቅተኛ ቦታ ነው። ስለዚህ በወለጋ መንገዶች ላይ ማናቸውም ድልድይ ማለት ይቻላል ከሁለት ቁልቁለቶች ግርጌ ይገኛል። ብስክሌተኛው ፍጥነቱ ከሁሉ የሚበልጥበት ቦታ ድልድዩ ነው። የጭነት መኪናውም እንዲሁ፤ ሾፌሩ ፊት ለፊቱ ያለውን ዳገት ስለሚያይ በግስጋሴው ለመውጣት እዚያው ላይ ነዳጅ ይረግጣል። እንግዲህ ሁለቱም ከሁሉ በላይ በሚፈጥኑበት በዚያች ነጥብ ላይ መንገዱ ምን ይሆናል? ይጠባል! ሌላው ቦታ ላይ ግራና ቀኝ የነበረው የአፈርም ሆነ የጠጠር ዳር ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርስ ያልቃል፤ ከጠርዙ ባሻገር ያለው አየር ነው። ተፈጥሮ ፍጥነትን፣ መሐንዲስ ጥበትን አንድ ቦታ ላይ አገናኝተዋል።

ስሙን በማንጠቅሰው አንድ ትንሽ ድልድይ ላይ ይህንን በዓይናችን አየን። አሥራ አራት ዓመት ቢሞላው ነው፣ አንድ ልጅ ወደ ወፍጮ ቤት የሚወስደውን በቆሎ በብስክሌት ኮርቻ ላይ አስሮ እየገፋ ከፊታችን ይሄድ ነበር። ድልድዩ መግቢያ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። እኛ አልቆምንም። መሐል ስንደርስ ከጠምዛዛው ወዲያ አንድ የጭነት መኪና ብቅ አለ። ብስክሌቶቻችንን አንስተን ጠርዙ ላይ ወጣን፤ ወገባችንን የድልድዩ መከለያ ላይ አስደግፈን ወደ ወንዙ አጎነበስን። መኪናው ሲያልፍ የፈጠረው ነፋስ መጀመሪያ ወደ ውጭ ገፋን፣ ቀጥሎ ወደ ጎማዎቹ ሳበን። ልጁ ከዚያ በኋላ በእርጋታ ተሻግሮ ደረሰብንና በኦሮምኛ አንድ ነገር ብቻ ነገረን፤ «ድምፅ ሳታዳምጡ ድልድይ አትግቡ።»

ሐሳቡን ስናሰላው ልጁ ትክክል ሆኖ አገኘነው። የ25 ሜትር ድልድይ ሸክም ገፍቶ ለመሻገር ከ20 ሰከንድ በላይ ይፈጃል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ350 ሜትር በላይ ይጓዛል። ጠምዛዛ በሆነ መንገድ ላይ 350 ሜትር አሻግሮ የሚያይ ዓይን የለም፤ ጆሮ ግን ይሰማል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ይህን ያወቀው ከመጽሐፍ አይደለም። እንዴት እንዳወቀው አልጠየቅነውም፤ ለመጠየቅም አልደፈርንም።

ዴዴሳ ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ከነቀምቴ ይልቅ አምስት ዲግሪ ያህል ይሞቃል፤ በየሺህ ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ ሕግ በላባችን ተረጋገጠ። ወንዙ ከዚህ ወርዶ ዓባይን ይቀላቀላል። በነገራችን ላይ፣ በዚያች ዕለት ፊታችንን ወደ ምሥራቅ አዙረን ወደ ባኮ ሄደን ቢሆን ኖሮ የምናገኘው ግቤን ነበር፤ የግቤ ውሃ ደግሞ ኦሞ ሆኖ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ነቀምቴና ባኮ በአንድ ቀን የብስክሌት መንገድ የሚራራቁ ከተሞች ሆነው ሳለ የአንዷ ዝናብ ሜዲትራኒያን ባሕር፣ የሌላዋ በረሃ ውስጥ ያለ ሐይቅ ይደርሳል። የምድራችንን አቀማመጥ በመኪና መስኮት ያየ ሰው ይህ አይሰማውም፤ ጉልበቱ ግን ለብስክሌተኛው ይነግረዋል።

ከሸለቆው ጋር የተያያዘ ሌላ ነገርም አለ። ዴዴሳ የቆላ ዝንብ አገር ነው። ዝንቡ የሚያስተላልፈው የገንዲ በሽታ ከብቱን ብቻ ሳይሆን ፈረሱንና በቅሎውንም ስለሚጎዳ ደጋ ላይ ጭነት የሚሸከመው እንስሳ እዚህ ሲደርስ ይቸገራል። የብስክሌት አባት የሚባለው ጀርመናዊው ካርል ፎን ድራይስ እ.ኤ.አ. በ1817 ሁለት እግር ያለውን መሣሪያውን ሲሠራ፣ ካለፈው ዓመት የሰብል መበላሸት የተነሳ የፈረስ መኖ ተወድዶ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ያወሳሉ፤ ይህ ለፈጠራው ምክንያት ሆኗል የሚሉም አሉ። ምክንያቱ እሱ ይሁን አይሁን፣ ገፈራ የማይበላና ገንዲ የማይዘው ፈረስ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለዴዴሳ ገበሬ ነው።

አሁን ወደ ዳገቱ እንምለስ። መመለሻው ስድስት ሰዓት በላይ ወሰደብን፤ ከግማሽ ያላነሰውንም ብስክሌቱን እየገፋን በእግራችን ሄድን። ታዲያ «ለብስክሌት አልተፈጠረም» የሚለው ሰው አልተረታም? እኛ አልተረታም አንልም፤ ነገር ግን ቁጥሮቹን ይመልከት። 800 ሜትሩን ለመውጣት የሚያስፈልገው 666 ኪሎ ጁል ሥራ ነው። የሰው ጡንቻ ከሚበላው ምግብ ሩብ ያህሉን ብቻ ወደ ሥራ ስለሚለውጥ ሰውነታችን ማቃጠል ያለበት የዚህን አራት እጥፍ፣ ማለትም 640 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። ይህ ከ200 ግራም የገብስ በሶ በታች ነው። የዴዴሳ ዳገት በሙሉ ዋጋው ሁለት ጭብጥ በሶ ከሆነ፣ ያሸነፈን የኢነርጂ እጥረት አልነበረም።

ያሸነፈን ጥርሱ ነው። የእኛ ብስክሌቶች ፔዳሉ ጋ ባለው ክብ ላይ 44፣ ከኋላ 19 ጥርስ ነበራቸው። ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ ከአምስት ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ለሜዳ የተሠራ ልኬት ነው። አምስት በመቶ ዳገት በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ለመውጣት የሚያስፈልገው አቅም ወደ 100 ዋት ገደማ ነው፤ ይህን ጤነኛ ወጣት ለረጅም ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን በእኛ ጥርስ ይህን ለማድረግ ፔዳሉ በደቂቃ 26 ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ በመሆኑም እግር ሁልጊዜ በአማካይ የ22 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል መግፋት አለበት። የፊትና የኋላ ጥርሱ እኩል በሚሆንበት ባለ ማርሽ ብስክሌት ግን ያው ዳገት፣ በዚያው ፍጥነት፣ በደቂቃ 60 ዙርና 9 ኪሎ ግራም ተኩል በሆነ ግፊት ይወጣል። ዳገቱ አልተለወጠም፤ ሰውየውም አልተለወጠም። ነቀምቴ ውስጥ ያለ ማንኛውም ብስክሌት ጠጋኝ የኋላውን ባለ 22 ጥርስ፣ የፊቱን ደግሞ ባለ 36 ቢያደርገው እንኳ ግፊቱ ከሲሶ ብዙም ባላነሰ ይቀላል። ቻይና ሜዳ ላይ የታሰበ ጥርስ ወለጋ ላይ ሠርቶ አላሠራ ሲል ምድሩን መውቀስ፣ ጠባብ ጫማ ገዝቶ እግርን እንደ መውቀስ ነው።

ማስረጃ የሚፈልግ ካለ ሩቅ አይሂድ። ሩዋንዳ «የሺህ ኮረብቶች አገር» ትባላለች። ሆኖም ብስክሌት በዚያች አገር ሰውም ድንችም ሙዝም ይጫንበታል፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የጎዳና ላይ ብስክሌት ሻምፒዮና አፍሪካ ምድር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በኪጋሊ ነው። የወንዶቹ ውድድር በአንድ ቀን ከ5,000 ሜትር በላይ ዳገት ነበረው፤ ዴዴሳን ስድስት ጊዜ እንደ መውጣት ማለት ነው። የኖርዌይዋ ትሮንድሄም ከተማ እ.ኤ.አ. በ1993 ለአንድ ዳገቷ የብስክሌተኛውን እግር ከኋላ የሚገፋ መሣሪያ ዘርግታለች። እኛ እንኳ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስንሳተፍ ከቡድናችን መካከል ብስክሌተኞች ነበሩበት፤ ከመቀሌ የተነሳው ጽጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። መቀሌም ሜዳ ብቻ አይደለችም።

ስለዚህ ዳገቱ በበሶና በጥርስ ይወጣል። ድልድዩን ግን ተማሪው በራሱ ጉልበት ሊያሰፋው አይችልም። ክርክራችን ከመንገድ ሠሪዎችና ከከተማ አስተዳደሮች ጋር የሚሆነው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት፤ በአዲስ አበባ አዳዲስ ጎዳናዎች ላይም የብስክሌት መስመር ተሰምሯል። መልካም ነው። ይሁን እንጂ ቀለም የሚቀባው ቀድሞውኑ ሰፊ በሆነው ጎዳና ላይ ነው። በከተማው መሐል ሁለት ኪሎ ሜትር ያጌጠ መስመር ተሠርቶ በዳርቻ ሰፈሩና በገጠሩ መካከል ያለው ድልድይ እንዳለ ከቀረ፣ መስመሩ የሚያገለግለው ለሽርሽር ብቻ ነው። ከገጠር የሚመጣው ተማሪ መስመሩ ጋ ለመድረስ በቅድሚያ በሕይወት ድልድዩን መሻገር አለበት።

«ገንዘቡስ?» እንደሚባል እናውቃለን። ድልድይ ሲሠራ በጎኑ ለእግረኛና ለብስክሌት አንድ ሜትር ተኩል መጨመር ወጪ አለው፤ አልካድንም። ነገር ግን ድልድይ በደህና ከተያዘ ከሃምሳ ዓመት በላይ ይኖራል፤ ዛሬ ጠቦ የተሠራው በልጅ ልጆቻችን ጊዜም ጠባብ ነው። ለነባሮቹ ደግሞ ከጎናቸው ቀለል ያለ የብረት መሸጋገሪያ ሊሠራ ይችላል፤ ሰውና ብስክሌት የሚሸከም መሸጋገሪያ የአርባ ቶን መኪና ከሚሸከመው ጋር በዋጋ አይወዳደርም። አንዳንድ ባልደረቦቻችን ደግሞ «መኪና በኤሌክትሪክ እየሆነ ነው፣ ነገሩ በዚያ ይፈታል» ይሉናል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ እውነት ነው። ይሁንና በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪናም ወርዱ ያው ነው፤ እንዲያውም ድምፁ ስለሚቀንስ በጆሮው የሚሻገረውን ልጅ ብልሃት ይነጥቀዋል።

ሴት ተማሪዎችን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር እንበል። በዚያ ሙሉ ቀን ብስክሌት ላይ የተቀመጠች አንዲት ልጃገረድ አላየንም፤ ውሃና እንጨት ተሸክመው በእግራቸው ድልድይ የሚሻገሩትን ግን ቆጥረን ታከተን። ይህ የፊዚክስ ጉዳይ አይደለምና በስሌት አንፈታውም።

ማምሻውን ያንን ትንሽ ድልድይ ዳግም ስንሻገር ቆመን አዳመጥን። ዝም ሲል ገባንና ለካነው። ሜትር አልያዝንም ነበር፤ የጎማውን አንድ ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርገን ብስክሌቱን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አሻገርነው። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር 2.2 ሜትር ነው፤ ሦስት ዙር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጠርዙን ነካ። ይህንኑ አንባቢያን በየትምህርት ቤታችሁ አቅራቢያ ባለ ድልድይ ላይ እንድታደርጉትና ውጤቱን ለዝግጅት ክፍላችን እንድትልኩልን እንጠይቃለን፤ መጀመሪያ ግን አዳምጡ። የሚያስፈልገው የድልድዩ ርዝመት፣ በሁለቱ ጠርዞች መካከል ያለው ስፋት፣ የእግረኛ መሄጃ መኖር አለመኖሩና በገበያ ቀን በአንድ ሰዓት ውስጥ በእግርና በብስክሌት የሚሻገረው ሰው ብዛት ነው። የመጀመሪያውን መስመር እኛ ሞልተነዋል። ርዝመት፦ 25 ሜትር። ስፋት፦ 6.2 ሜትር። የእግረኛ መሄጃ፦ የለም። አንድ የጭነት መኪና ወርዱ 2.5 ሜትር ስለሆነ ሁለት ሲተላለፉ የሚተርፈው 1.2 ሜትር ነው፤ ለግራው፣ ለመሐሉና ለቀኙ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 40 ሴንቲ ሜትር ይደርሰዋል። የልጁ ብስክሌት መያዣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 60 ሴንቲ ሜትር ነበር።